ማረፊያ መራጭዋ እመቤት

ትምህርት ቤት ሊዘጋ ሲቃረብ በልደታ ማርያም ሰፈር በብዙ ቤት አንድ ዓይነት ክርክር ይነሣል። ልጆች እንጦጦ ፓርክ ወጥተው በገመድ ለመንሸራተትና ፈረስ ለመጋለብ ይቸኩላሉ፤ እናት አዳሩ የት እንደሚሆን ታስባለች፤ አባት ኪሱን ይዳብሳል፤ አያት ደግሞ የተራራውን ብርድ ያነሣሉ። ከላይ ከጫካው ውስጥ ማደር ይሻላልን? ወይስ ቀኑን ተጫውቶ ማታ ወደ ከተማው ወርዶ ማረፍ?

ይህ ጥያቄ ትናንት የተፈጠረ የሚመስለው ሰው ቢኖር እጅግ ተሳስቷል። በዚሁ ተራራና በዚሁ ሜዳ መካከል፥ ከመቶ ሠላሳ ከሚበልጡ ዓመታት በፊት፥ ይህንኑ ጉዳይ ያወጡና ያወረዱ አንዲት እመቤት ነበሩ። አዲስ አበባም የተወለደችው ከዚያ ምርጫ ነው። ስለ እቴጌ ጣይቱ ብጡል የጦር ሜዳ ጀግንነትና የመንግሥት ብልሃት ብዙ ተጽፏል፤ እኛ ግን ዛሬ ሕይወታቸውን በዚህ በኩል ብቻ ለመመልከት አስበናል።

ጣይቱ የሰሜኑ የደጃዝማች ብጡል ኃይለ ማርያም ልጅ ናቸው። አጎታቸው ደጃዝማች ውቤ በ1847 ዓ.ም. ደረስጌ ላይ በደጃች ካሣ፥ ማለት ኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ በተባሉት፥ ድል በሆኑ ጊዜ ያ ታላቅ ቤት ፈረሰ። እንግዲህ ጣይቱ ያደጉት የትልቅ ሰው ልጅ ሆነው ሳለ ነገ የት እንደሚታደር በእርግጥ በማይታወቅበት ዘመን ነው። በ1875 ዓ.ም. አንኮበር ላይ ከንጉሥ ምኒልክ ጋራ በተክሊል ሲጋቡ ግን ሌላ ዘመን ተከፈተላቸው።

በዚያን ጊዜ የሸዋው ንጉሥ ከተማቸውን ወደ እንጦጦ አምጥተው ነበር። እንጦጦ ከባሕር ወለል በላይ ወደ ሦስት ሺህ ሜትር ከፍ ያለ ስለሆነ ጠላት ከሩቅ ይታይበታል፤ ለጦር ሠፈር የሚሆን ነው። ለኑሮ ግን አስቸጋሪ ሆነ። ነፋሱ ድንኳን ይገለብጣል፤ ብርዱ ከአጥንት ይገባል፤ የማገዶው እንጨት ከዓመት ወደ ዓመት እየራቀ ይሄዳል። ስለዚህ የቤተ መንግሥቱ ሰው አጋጣሚ ባገኘ ቁጥር ገላውን ለመታጠብና ሕመሙን ለማስታገሥ ከተራራው በታች ወዳለው ፍል ውሃ ይወርድ ነበር። ይህም በዛሬ አነጋገር የዕረፍት ጉዞ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

በ1879 ዓ.ም. ንጉሡና ባለቤታቸው ከነሠራዊታቸው በፍል ውሃ ሠፍረው ሳለ ወይዘሮ ጣይቱ ከድንኳናቸው ደጃፍ ሆነው ሜዳውን ተመለከቱ። ሙቀቱ ተስማማቸው፤ ውሃው ቅርብ ነው፤ መሬቱ ለቤት መሥሪያ የተመቸ ነው። ቦታ እንዲሰጣቸው ባላቸውን ጠየቁ፤ ተፈቀደላቸውም። ንጉሡ በዚያው ዓመት ወደ ሐረር በዘመቱ ጊዜ እመቤቲቱ ቤቱን ያሠሩ ጀመር። ስሙንም አዲስ አበባ አሉት። መኳንንቱም በየተራ ከተራራው እየወረዱ በዙሪያው ሠፈሩ፤ ለጥቂት ቀን የታሰበው ማረፊያ የሀገር መናገሻ ሆነ። ጣይቱ እቴጌ ተብለው ዘውድ የጫኑት ግን ዐፄ ምኒልክ በነገሡበት በ1882 ዓ.ም. እዚያው እንጦጦ ማርያም ነው።

ከዚህ ምርጫ የዘመናችን አባወራና እማወራ የሚማሩት ነገር አለ። እቴጌይቱ ቦታውን የመረጡት ወሬ ሰምተው አይደለም፤ ሠፍረውበት፥ አድረውበት፥ የውሃውን ነገር በዐይናቸው አይተው ነው። እኛ ግን ብዙ ጊዜ የማደሪያውን ሥዕል ብቻ እናይና ገንዘባችንን እንከፍላለን። ውሃው ሌሊት ይሞቃል ወይ? ልጅ ቢታመም ሐኪም ዘንድ ለመድረስ ስንት ሰዓት ያስኬዳል? ብርድ ልብሱ ለክረምት ይበቃል ወይ? እነዚህን አስቀድሞ የጠየቀ ሰው ከዕረፍት ዐርፎ ይመለሳል፤ ያልጠየቀ ግን ደክሞ ይመለሳል። በሐምሌና በነሐሴ የእንጦጦ ጉም ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ሁሉ ይህን ምክር አይንቀውም።

አዲሲቱ ከተማም ብትሆን ያለ ችግር አልቆመችም። እንጨቱ እዚህም አለቀ፤ ንጉሠ ነገሥቱ ወደ አዲስ ዓለም ለመሄድ እስከ ማሰብ ደርሰው ነበር። ከባሕር ማዶ የመጣው ባሕር ዛፍ ፈጥኖ በመብቀሉ ከተማዪቱ ከመነቀል ዳነች። ዛሬ ልጆች የሚሯሯጡበት የእንጦጦ ጫካ በአመዛኙ ይኸው ባሕር ዛፍ ነው፤ ፓርኩም በ2013 ዓ.ም. ተከፈተ።

የእቴጌይቱ ሁለተኛው ታላቅ ሥራ ደግሞ ሆቴል ነው። በቀድሞው ልማድ መንገደኛ ሲመሽበት ከማንም ደጅ ቆሞ የመሸበት እንግዳ ነኝ ይላል፤ ባለቤቱም እግሩን አሳጥቦ፥ ያለውን አካፍሎ ያሳድረዋል። ይህ መልካም ልማድ ነው፤ ሆኖም የውጭ አገር ሰውና ነጋዴ እየበዛ በሚመጣበት ከተማ ብቻውን የሚበቃ አልነበረም። ስለዚህ ከ1898 እስከ 1900 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ውስጥ እቴጌ ሆቴል ተሠርቶ ሥራ ጀመረ። ለምግብ ዋጋ መክፈል እንደ ነውር ይቈጠር ስለ ነበር ሰዉ ወደ ሆቴሉ ለመግባት አፈረ፤ ዐፄ ምኒልክም መኳንንታቸውን አስከትለው ሄደው፥ በልተውና ዋጋውን ከፍለው ለሕዝቡ ምሳሌ እንደ ሆኑ ይተረካል። እቴጌይቱ ያቋቋሙት ቤት በጥር ወር 2007 ዓ.ም. ከባድ የእሳት አደጋ ቢደርስበትም ከጥፋት ተርፏል።

እንግዲህ ለከተማ ቦታ የመረጡት፥ ለእንግዳ ማደሪያ ያሠሩት እመቤት የራሳቸው ፍጻሜ እንዴት ሆነ? ዐፄ ምኒልክ በጽኑ ሲታመሙ የመንግሥቱን ሥራ በእጃቸው ይዘው ነበር፤ በመጋቢት 1902 ዓ.ም. ግን መኳንንቱ ተማክረው ከሥልጣን አወረዷቸውና ባላቸውን ከማስታመም በቀር ሌላ ሥራ እንዳይኖራቸው አደረጉ። ንጉሠ ነገሥቱ በታኅሣሥ 1906 ዓ.ም. ዐረፉ። እቴጌ ጣይቱም ከመሠረቷት ከተማ ወጥተው ወደ እንጦጦ ማርያም ተላኩ፤ ትተውት ወደ ወረዱት ወደዚያው ብርዳም ተራራ ማለት ነው። በ1910 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት የቀረ ዕድሜያቸውን ጎንደር ሄደው ለመጨረስ ፈቃድ ቢጠይቁ ተከለከሉ። የካቲት 4 ቀን 1910 ዓ.ም. እዚያው እንጦጦ ላይ ዐረፉ። ዐፅማቸው ኋላ ወደ ታዕካ ነገሥት በዓታ ተዛውሮ ከባላቸው አጠገብ ዐርፏል።

ለብዙ ሰው ማረፊያ የመረጡ ሴት ለራሳቸው የመጨረሻዋን ማረፊያ እንዳይመርጡ መከልከላቸው ያሳዝናል። ቁጣቸውንና ለዘመዶቻቸው ማድላታቸውን የሚያነሡ አሉ፤ ያም ቢሆን የታመመ ባላቸውን አስታመው የቀበሩ አንዲት አሮጊት ወደ ትውልድ አገራቸው ቢሄዱ መንግሥት ይናወጥ ነበር ብለን ለማመን ይቸግረናል።

ወደ እንጦጦ የሚወጣ ቤተ ሰብ ሁሉ ከፓርኩ ጨዋታ አንድ ሰዓት ቀንሶ በእንጦጦ ማርያም አጠገብ ያለውን አሮጌ ቤተ መንግሥት ለልጆቹ ቢያሳይ መልካም ነው። ከዚያ ከፍታ ሆኖ ወደ ታች ሲመለከቱ ፍል ውሃም፥ ልደታም፥ መላው ከተማ ይታያል። እቴጌይቱም በመጨረሻ ዓመታቸው በየማለዳው ያዩት የነበረው ይህንኑ ሜዳ ነው።