ከፋኖሷ ባሻገር፦ ፍሎረንስ ናይቲንጌልና የአስታማሚነት ሙያ እርካታ

የፍሎረንስ ናይቲንጌል ስም በተነሣ ቁጥር በብዙ ሰው ሐሳብ የሚመጣው፣ በሌሊት ፋኖስ ይዛ በቁስለኞች አልጋ መካከል የምትዘዋወር ሴት ሥዕል ነው። ሥዕሉ ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን ከሙሉ ሕይወቷ የሚያሳየው እጅግ ጥቂቱን ነው። ናይቲንጌል ዘጠና ዓመት ስትኖር በሕሙማን አልጋ አጠገብ የሠራችው ሦስት ዓመት ገደማ ብቻ ነበር። የቀረውን ዘመኗን በስታቲስቲክስ፣ በሆስፒታል ሕንጻ አሠራር፣ በማስተማር፣ በአዋላጅነትና በድኾች ቤት በሚሰጥ ማስታመም ላይ አዋለችው። ስለሆነም አንድ ሙያ ስንት በር እንዳለውና ሠራተኛው በየትኛው በር ገብቶ የልቡን እርካታ እንደሚያገኝ ለመመርመር የእርሷ ታሪክ ጥሩ መነሻ ይሆናል። (ዘመናቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ናይቲንጌል ከባለጸጋ እንግሊዛውያን ወላጆች ሜይ 12 ቀን 1820 በኢጣልያ አገር በፍሎረንስ ከተማ ተወለደች፤ ስሟም የከተማዋ ስም ነው። ቋንቋን፣ ታሪክንና ፍልስፍናን ያስተማራት አባቷ ሲሆን፣ እርሷ ግን ከሁሉ አብልጣ ሒሳብን ትወድ ነበር። በ16 ዓመቷ እግዚአብሔር ለአገልግሎት እንደ ጠራት አመነች። በ1845 በአንድ ሆስፒታል ገብታ ማስታመም ለመማር ብትጠይቅ ወላጆቿ በድንጋጤ ከለከሏት። በዚያን ጊዜ በእንግሊዝ አገር አስታማሚነት ሌላ መተዳደሪያ ያጡ ሴቶች የሚገቡበት የተናቀ ሥራ ስለነበር፣ የጨዋ ልጅ ወደዚያ መግባቷ ለቤተሰቡ እንደ ውርደት ይቆጠር ነበር። እርሷ ግን ለጋብቻ የቀረበላትን ጥያቄ እንኳ ሳትቀበል ጸናች። በመጨረሻም በ1851 በጀርመን አገር በካይዘርስቬርት በሚገኝ የክርስቲያን በጎ አድራጎት ተቋም ሦስት ወር ተማረች።

በ1853 በለንደን በሀርሊ ጎዳና ለታመሙ ሴቶች የተቋቋመ አንድ አነስተኛ ማከሚያ ቤት ኀላፊ ሆነች። በዚያም አስቀድማ የጠየቀችው ሙቅ ውሃ በቧንቧ ወደየፎቁ እንዲደርስ፣ ምግብ ወደ ላይ የሚያወጣ ማንሻ እንዲተከል፣ የበሽተኞቹም መጥሪያ ደወል እንዲስተካከል ነበር። ነገሩ ተራ ይመስላል፤ ሆኖም የአስታማሚዋ ጉልበት ደረጃ በመውጣትና በመውረድ ካለቀ ለሕመምተኛው የሚተርፈው ጥቂት ነው። የሥራ እርካታ በሠራተኛው ልብ ብቻ ሳይሆን በሥራ ቦታው አሠራር ላይም እንደሚመሠረት ናይቲንጌል ከመጀመሪያው ተረድታ ነበር።

በ1854 እንግሊዝ በክሪምያ ጦርነት ገባች። የጦር ጉዳይ ሚኒስትሩ ሲድኒ ኸርበርት ባቀረበላት ጥሪ መሠረት፣ ናይቲንጌል 38 አስታማሚዎችን አስከትላ ኖቬምበር 4 ቀን 1854 በቱርክ አገር ስኩታሪ ደረሰች። ሆስፒታሉ ከጦር ሠፈርነት የተለወጠ ግዙፍ ሕንጻ ነበር። ሐኪሞቹ በመጀመሪያ ፊት ነሷት፤ ጥቂት ቀን ሳይቆይ ግን ቁስለኛው ስለበዛ እርዳታዋን ለመቀበል ተገደዱ። እርሷና ጓደኞቿም ወጥ ቤቱን አደራጁ፣ ልብስ አሳጠቡ፣ አልጋና አንሶላም አሟሉ።

ይህ ሁሉ ድካም ግን ሞትን አላቆመም። በፌብሩዋሪ 1855 ከገቡት ሕሙማን ከመቶ 42 ያህሉ ይሞቱ ነበር። በማርች ወር መንግሥት የላከው የጤና አጠባበቅ ኮሚሽን ደረሰ፤ ከአባላቱም አንዱ መሐንዲሱ ሮበርት ሮውሊንሰን ነበር። ኮሚሽኑ ሕንጻው በደፈነ የፍሳሽ ቦይ ላይ መቆሙንና የመጠጥ ውሃው መበከሉን አገኘ። ቦዩ ታጠበ፣ ቆሻሻው ተጠረገ፣ ግድግዳው በኖራ ተቀባ፣ አየር መግቢያ ተከፈተ። በጁን ወር የሟቾቹ ቁጥር ከመቶ ወደ 2 ገደማ ወረደ።

ናይቲንጌል በ1856 ወደ አገሯ ስትመለስ ሕዝቡ በታላቅ ክብር ሊቀበላት ተዘጋጅቶ ነበር፤ እርሷ ግን ከአደባባይ ራቀች። ከስታቲስቲክስ ሊቁ ከዊልያም ፋር ጋር ተቀምጣ የሟቾቹን መዝገብ መመርመር ያዘች። ውጤቱ መራራ ነበር። ከቁስል ይልቅ በበሽታ የሞተው ወታደር በብዙ እጥፍ በልጦ ተገኘ፤ እርሷ ሌት ተቀን የደከመችበት ስኩታሪም በጦሩ ግንባር አጠገብ ከነበሩት ማከሚያዎች የባሰ ሞት የታየበት ነበር። የፍቅርና የትጋት ሥራ ከወለሉ በታች ያለውን ጕድፍ ሊያሸንፍ አለመቻሉን ቁጥሩ መሰከረ። ሌላ ሰው ቢሆን በሕዝብ ምስጋና ተጽናንቶ መዝገቡን በዘጋው ነበር። እርሷ ግን ለባለ ሥልጣኖች እንዲገባ ውጤቱን ክብ በሆነ ባለቀለም ሥዕላዊ መግለጫ አውጥታ አቀረበችው። በ1858ም በለንደን የስታቲስቲክስ ማኅበር የመጀመሪያዋ ሴት አባል ሆና ተመረጠች። ከ1857 ጀምሮ ጤናዋ ስለታወከ አብዛኛውን ሥራዋን ያከናወነችው ከአልጋዋ ላይ ሆና ነበር።

በ1860 ሕዝቡ በስሟ ባዋጣው ገንዘብ በለንደን በቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል የአስታማሚዎች ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎችም 15 ነበሩ። ስለ ሆስፒታል አሠራር በጻፈችው መጽሐፍ ደግሞ ክፍሎቹ እየተነጣጠሉ በሁለት ወገን መስኮት ኖሯቸው እንዲሠሩ አጥብቃ መከረች፤ በ1871 የተመረቀው አዲሱ የቅዱስ ቶማስ ሕንጻ በዚሁ ሥርዐት የታነጸ ነው።

በልዩ ልዩ የአስታማሚነት ዘርፍ የሚገኘውን እርካታ ከሁሉ ይበልጥ ግልጽ የሚያደርገው በሊቨርፑል ከተማ የሆነው ነገር ነው። ነጋዴው ዊልያም ራትቦን የታመመች ሚስቱን ያስታመመችለትን ሜሪ ሮቢንሰንን በ1859 ድኾችን በየቤታቸው እየዞረች እንድትረዳ ለሦስት ወር ቀጠራት። አንድ ወር ሳታልፍ ያየችውን መከራ መቋቋም ስላልቻለች እያለቀሰች እንዲያሰናብታት ለመነችው። እርሱ ግን ጥቂት እንድትታገሥ መከራት። ሦስቱ ወር ሲያልቅ ሮቢንሰን የተነሡ ሕሙማንንና የተሻሻሉ ቤቶችን አይታ ነበርና በሥራው ጸንታ ለመቅረት ወሰነች። ራትቦን ሥራውን ለማስፋፋት ምክር የጠየቀው ናይቲንጌልን ነው። በ1865ም በእርሷ ትምህርት ቤት የሠለጠነችው አግነስ ጆንስ በዚያው ከተማ የድኾች መጠለያ ሆስፒታልን ተረክባ ብዙ አሻሻለች፤ ሆኖም በ1868 በታይፈስ በሽታ ሞተች። እርካታው ዋጋ የሚያስከፍልም ነበር።

ናይቲንጌል ለአዋላጆችም በለንደን በኪንግስ ኮሌጅ ሆስፒታል ማሠልጠኛ አቋቁማ ነበር። በክፍሉ ውስጥ በሚነሣ የወሊድ ትኩሳት እናቶች ስለሞቱ ግን በ1867 ተዘጋ። ነገሩን በዝምታ አላለፈችውም። ከየቦታው ቁጥር ሰብስባ በ1871 ባወጣችው መጽሐፍ፣ በዚያን ጊዜ በሆስፒታል የሚወልዱት እናቶች በቤታቸው ከሚወልዱት ይልቅ በብዛት ይሞቱ እንደ ነበር አሳየች። የባለሙያው እርካታ ከታማሚው ሕይወት በላይ ሊሆን እንደማይችል በራሷ ሥራ ላይ ፈረደች ማለት ነው።

ሐሳቧ ሁሉ ትክክል አልነበረም። አስታማሚዎች በፈተና ተመዝግበው የሙያ ፈቃድ እንዲያገኙ የቀረበውን ሐሳብ፣ ፈተና ጠባይን አይለካም በማለት ለረጅም ጊዜ ተቃውማለች፤ ኋላ ዘመን ግን ምዝገባውን ተቀበለው።

በ1907 የሜሪት ኒሻን የተሸለመች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። ኦገስት 13 ቀን 1910 ስታርፍ ቤተሰቧ በዌስትሚንስተር ቤተ ክርስቲያን እንድትቀበር የቀረበውን ክብር ሳይቀበሉ በገጠር ቀበሯት፤ በሐውልቱም ላይ ከስሟ የተጻፉት የመጀመሪያ ፊደላት ብቻ ናቸው። የልደቷ ቀን ሜይ 12 ከ1974 ጀምሮ ዓለም አቀፍ የነርሶች ቀን ሆኖ ይከበራል።

ይህ ሕይወት ለማንኛውም ባለሙያ የሚያስተምረው አንድ ነገር አለ። ሜሪ ሮቢንሰን እርካታዋን በድኾች ደጅ፣ አግነስ ጆንስ በመጠለያው አዳራሽ፣ ናይቲንጌል ደግሞ በመዝገብና በሕንጻ ንድፍ ላይ አገኙት። ቦታው ይለያያል፤ እርካታው ግን በሦስቱም ዘንድ የመነጨው ሥራው ለሰው ያስገኘውን ፍሬ በዐይን ከማየት ነው። በተሰማራበት ዘርፍ ልቡ ያልረካ ባለሙያም ሙያውን ከመተዉ በፊት ሁለት ነገር ቢመረምር ይበጀዋል፤ አንደኛው የድካሙ ፍሬ የት እንደሚታይ፣ ሁለተኛው ፍሬውን የሚያበላሸው ምን እንደሆነ። አንዳንድ ጊዜ ጕድለቱ በሠራተኛው ልብ ሳይሆን ማንም ባልቆፈረው ቦይ ውስጥ ይገኛልና።