ጂናህን በሠሯቸው ሕጎች እንመዝናቸው



ስለ ሙሐመድ ዓሊ ጂናህ በተነሳ ቁጥር ሁለት ዓይነት ክርክር እሰማለሁ። አንዱ ወገን ፓኪስታንን የመሠረቱ ታላቅ መሪ ናቸው ይላል። ሌላው ሕንድን ለሁለት የከፈሉ ናቸው ይላል። ሁለቱም የሚያወሩት ስለ መጨረሻዎቹ ጥቂት ዓመታት ነው። ሰውየው ከዚያ በፊት ለረጅም ዘመን የሕግ አውጪ ምክር ቤት አባል እንደነበሩ የሚያስታውስ ግን ብዙ አላጋጠመኝም። እኔ በበኩሌ አንድ የሕዝብ ተወካይ መመዘን ያለበት በሦስት ጥያቄ ነው እላለሁ። ምን ሕግ አወጣ? ምን ሕግ ተቃወመ? ሥልጣን በእጁ ሲገባስ ምን አደረገ? እስቲ ጂናህን በዚህ ሚዛን እንያቸው። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጂናህ በ1876 ካራቺ ተወለዱ። ለንደን ሕግ ተምረው ቦምቤይ ላይ ጥብቅና ቆሙ። በ1910 የቦምቤይ ሙስሊሞችን ወክለው በእንግሊዙ ንጉሥ እንደራሴ ሥር ወደሚሰበሰበው ምክር ቤት ገቡ። በዚያ ምክር ቤት አብላጫው ድምፅ የመንግሥት ሹማምንት ስለነበር አንድ ሕንዳዊ አባል የራሱን ረቂቅ ሕግ ማስጸደቁ ቀላል አልነበረም።

የመጀመሪያው ትልቅ ሥራቸው የወቅፍ ጉዳይ ነው። አንድ ሙስሊም ቤቱን ወይም መሬቱን ለልጆቹና ለልጅ ልጆቹ ወቅፍ አድርጎ፣ ዘሩ ሲቋረጥ ለድሆች እንዲሆን ማድረግ በሕንድ የቆየ አሠራር ነበር። በ1894 ግን ለንደን የሚገኘው የበላይ ይግባኝ ሰሚ ችሎት የድሆቹ ድርሻ እጅግ ሩቅና ለስም ያህል ብቻ ከሆነ ወቅፉ ዋጋ የለውም ብሎ ፈረደ። ዳኞቹ የሸሪዓውን ጉዳይ በእንግሊዝ ሕግ መነጽር ነበር ያዩት። በዚህ ምክንያት ለትውልድ የተቀመጠ ንብረት በዕዳ እንዲሸጥ፣ በክርክርም እንዲበተን በር ተከፈተ። ጂናህ በ1911 ረቂቅ ሕግ አቀረቡ። የአባልነት ዘመናቸው ሲያበቃ እንኳ እንደራሴው ሥራውን እንዲፈጽሙ መልሰው ሾሟቸውና ሕጉ በ1913 ጸደቀ። ሆኖም ጉድለት ነበረበት። ከሕጉ በፊት የተደረጉ ወቅፎችንም ይመለከታል የሚል ቃል ስላልነበረው ፍርድ ቤቶች የቀድሞዎቹን አይሸፍንም አሉ። ይህ የተስተካከለው በ1930 በወጣ ተጨማሪ ሕግ ነው። አንድ ቃል በመጉደሉ ብዙ ቤተሰብ 17 ዓመት ጠበቀ ማለት ነው። ሕግ የሚያረቅ ሁሉ ይህን ልብ ሊለው ይገባል።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ስንመጣ ሚዛኑ ለጂናህ ያደላል። በ1912 ጎክሌ የተባሉት የሂንዱ ፖለቲከኛ ያቀረቡትን የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ረቂቅ ደገፉ። ረቂቁ 13 ለ38 ወደቀ። በ1919 መንግሥት ሰውን ያለ መደበኛ ፍርድ ለማሰር የሚያስችለውን የሮውላት ሕግ ባወጣ ጊዜ ወንበራቸውን ለቀው ወጡ። በ1929 ደግሞ ላሆር እስር ቤት ምግብ አንበላም ያሉ ወጣት ታሳሪዎች በሌሉበት ክሳቸው እንዲታይ የሚፈቅድ ረቂቅ ቀረበ። ታሳሪዎቹ አብዛኞቹ ሙስሊሞች አልነበሩም። መንገዳቸውም የጂናህ መንገድ አልነበረም። ጂናህ ግን ተከሳሽ በሌለበት የሚሰጥ ፍርድ ፍትሕ አይባልም ብለው ሽንጣቸውን ገትረው ተከራከሩ። ክርክሩ ገና ሳያልቅ ከታሳሪዎቹ አንዱ፣ ጃቲን ዳስ፣ በ63ኛው የረሃብ ቀን ሞተ። መንግሥትም በተከታዩ ዓመት ምክር ቤቱን ትቶ በእንደራሴው አዋጅ ልዩ ችሎት አቋቋመ። ለማይመስልህ ሰው መብት መቆም ማለት ይህ ነው።

በ1937 የወጣው የሸሪዓ ተፈጻሚነት ሕግ ግን ያከራክረኛል። በፑንጃብና በሌሎችም አካባቢዎች ሙስሊም ሴት ልጅ ቁርኣን የሰጣትን ውርስ የአገር ልማድ ይነፍጋት ነበር። ሕጉ ልማዱን ሽሮ ሸሪዓን አስቀደመ። ይህ ትልቅ እርምጃ ነው። ነገር ግን ጂናህ ባስገቡት ማሻሻያ ስለ ኑዛዜና ስለ ጉዲፈቻ የሚናገረው ክፍል ለፈቀደ ሰው ብቻ እንዲሆን ተደረገ። የእርሻ መሬትም የክፍለ ሀገራት ሥልጣን ነው ተብሎ ከሕጉ ውጪ ቀረ። የገበሬ ልጅ ከአባቷ ከመሬት ሌላ ምን ትወርሳለች? ጂናህ ሁሉም ይቅር ከሚባል የሚገኘው ይገኝ ያሉ ይመስለኛል። ይሁን እንጂ የቀረው ድርሻ የደካማዋ ድርሻ እንደነበር መካድ አይቻልም።

ሦስተኛው ጥያቄ ከሁሉም ይከብዳል። በ1947 ጂናህ የፓኪስታን ጠቅላይ ገዢም የሕገ መንግሥት ጉባኤው ፕሬዚዳንትም ሆኑ። አገሪቱ በተመሠረተች በሳምንቱ በሰሜን ምዕራብ ድንበር ክፍለ ሀገር የአብላጫ ድምፅ ያለው ካቢኔ በእሳቸው ትእዛዝ ተሻረ። ለሥነ ሥርዓት ሲሟገቱ የኖሩት ሰው ሥነ ሥርዓቱን አለፉት። ስደተኛው ጎርፏል፣ ካሽሚር በጦርነት ላይ ነች፣ እሳቸውም በሳንባ በሽታ ተይዘዋል። ይህን ሁሉ እረዳለሁ። መስከረም 11 ቀን 1948 ሲሞቱ ሕገ መንግሥቱ አልተጻፈም ነበር። የጸደቀው በ1956 ነው።

እንግዲህ የእኔ ፍርድ ይህ ነው። ጂናህ ሕግ አውጪ ሆነው ከፍ ብለው የታዩት ሥልጣን ባልነበራቸው ዘመን ነው። ያን ጊዜ የያዙት ክርክርና የሕግ እውቀት ብቻ ነበር። ሥልጣን ሲመጣ ያው ሚዛን ከእጃቸው ላላ። ይህ የጂናህ ፈተና ብቻ አይደለም። ስለዚህ ውድ አንባቢያን፣ ስለ ማንኛውም መሪ ሲነገረን ያወጣውን ሕግ አንብበን ማን ተጠቀመ፣ ማንስ ቀረ ብለን እንጠይቅ። ለጂናህም አላህ ይዘንላቸው።

ወላሁ አዕለም።