ሐኪም ወርቅነህ እሸቴና የኤዲንብራ የጉልበት ሕክምና

ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ዋና ከተማቸውን ደብረ ታቦርን አቃጥለው፣ በጋፋት የተሠራውን ታላቁን መድፍ ሴባስቶፖልን በሰው ጉልበት እያስጎተቱ ወደ መቅደላ አቀኑ። በዚያው ዓመት ሚያዝያ 6 ቀን አምባው ሲያዝ፣ ጎንደር የተወለዱት ሕፃኑ ወርቅነህ እሸቴ ከዘመዶቻቸው ተለይተው በእንግሊዝ ጦር እጅ ገቡ።

ኮሎኔል ቻምበርሊን ወደ ህንድ ወስዶ አሳደጋቸው፤ እርሱ ሲሞት ኮሎኔል ማርቲን የትምህርታቸውን ወጪ ቻለ። ቻርልስ ማርቲን የተባሉትም ከዚህ የተነሣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1882 በላሆር በሕክምና ተመርቀው፣ በኋላም በኤዲንብራ ትምህርታቸውን አጠናክረው በበርማ በሐኪምነት አገለገሉ።

ኤዲንብራ በዚያን ዘመን የቀዶ ሕክምና መዲና ነበረች። ቶማስ አናንዴል እ.ኤ.አ. በ1883 የአንድ ማዕድን ቆፋሪ ጉልበት ከፍቶ፣ ከቦታው የለቀቀውን የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ያለው ልም አጥንት፣ ማለትም ሜኒስከስን፣ ወደ ስፍራው መልሶ ሰፋው። ከእርሱ በኋላ የመጡት ግን ለብዙ ዘመን ቈርጦ ማውጣትን መረጡ። እ.ኤ.አ. በ1948 ፌርባንክ የተባለው ሐኪም ልም አጥንቱ የወጣለት ጉልበት ከጊዜ በኋላ እንደሚለወጥ በራጅ ካሳየ ወዲህ፣ የአናንዴል መንገድ ቀስ በቀስ ክብሩን አገኘ።

ሐኪም ወርቅነህ እ.ኤ.አ. በ1899 ወደ አገራቸው ሲመለሱ፣ ሴት አያታቸው ለይተው ያወቋቸው በገላቸው ላይ በነበረው ጠባሳ ነው። በአዲስ አበባ ሕሙማንን አከሙ፤ የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤትን በበላይነት መሩ፤ ጨርጨርን አስተዳደሩ፤ በጣልያን ወረራ ዘመን በለንደን የአገራችን ሚኒስትር ሆነው ስለ ኢትዮጵያ ተሟገቱ። በ1945 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዐረፉ። በዘመናዊ ሕክምና የተመረቁ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሐኪም እርሳቸው ናቸው።

ዛሬ ንጉሠ ነገሥቱ ባቃጠሏት ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ቆሞ ሐኪሞችን ያስተምራል። በጉና ግርጌ ኳስ የሚጫወት ወጣት ጉልበቱ ተጠምዝዞ ቢያብጥና አልዘረጋ ቢል፣ ወጌሻ ቤት ሲመላለስ ጊዜው እንዳያልፍበት ያስፈልጋል። የልም አጥንቱ ውጫዊ ጠርዝ ደም ስለሚደርሰው በጊዜ ከተሰፋ ይድናል፤ ደም የማይደርሰው ውስጠኛው ክፍል ግን ለመዳን አዳጋች ነው። ወጣቱ ገና ብዙ ዓመት የሚሄድበት ጉልበት ነውና፣ ሊሰፋ የሚችለውን ቈርጦ መጣል አይገባም። ለዚህ የሚበቃ ሐኪም በየአውራጃው እንዲገኝ ማድረግ፣ ሐኪም ወርቅነህ ብቻቸውን የጀመሩትን ሥራ መቀጠል ነው።