ጊቺን ፉናኮሺ

ጊቺን ፉናኮሺ (1868 – 1957 እ.ኤ.አ.) የኦኪናዋን ካራቴ ወደ ዋናው ጃፓን ካስገቡት መምህራን በጣም የታወቁት ናቸው። የተወለዱት አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ካረፉ ከሰባት ወር ገደማ በኋላ በሹሪ ከተማ ነው። ሕክምና ሊማሩ አስበው ነበር፤ ነገር ግን ቤተሰቡ ቁንጯቸው እንዳይቆረጥ ስለተቃወመ ቀረና አስተማሪ ሆኑ። ካራቴን ከአዛቶና ከኢቶሱ ተማሩ። በ1922 እ.ኤ.አ. ቶኪዮ ላይ ትርዒት አሳይተው በዚያው ቀሩ።

ካታ ማለት ለብቻ የሚሠራ፣ ቅደም ተከተሉ የተወሰነ የመከላከልና የማጥቃት እንቅስቃሴ ነው። በቀድሞው የኦኪናዋ ካታ የእግር ምት (ካልቾ) በአብዛኛው ፊት ለፊትና ዝቅ ብሎ፣ ወደ ጉልበት፣ ብሽሽት ወይም ሆድ ይሰነዘር ነበር። የባላጋራን እጅ ጨብጦ ለሚመታ ሰው ይህ ይመቻል። ኢቶሱ ለተማሪዎች ያዘጋጁትን ፒናን ካታ ፉናኮሺ ሄይያን አሉት፤ በእርሳቸው ስልት፣ በሾቶካን፣ በሄይያን ኒዳን ውስጥ ያለው የፊት ለፊት ምት በኋላ ወደ ጎን ሆነ። በኦኪናዋ ግን ብዙዎች ዛሬም ፊት ለፊት ይመታሉ። ወደ ጎን የሚሰነዘሩና ከፍ ያሉ ምቶች መስፋፋት ይበልጡን የሚያያዘው ከልጃቸው ከዮሺታካ ጋር ነው። አዲሱ ለዓይን ያምራል፤ ለቅርብ ትግል ግን የቀድሞው ሳይሻል አይቀርም።

በ1945 እ.ኤ.አ. የማሠልጠኛ አዳራሻቸው በአየር ድብደባ ወደመ፤ በዚያው ዓመት ዮሺታካ በሳንባ ነቀርሳ ሞተ። አባቱ ከእርሱ በኋላ 12 ዓመት ያህል ኖሩ።