ሜሊታ ሺለር፦ ቁልቁል የበረረች መሐንዲስ



አውሮፕላን አፍንጫውን ወደ መሬት አዙሮ ቁልቁል ሲወረወር ፍጥነቱን የሚጨምረው ሞተሩ ነው ወይስ የመሬት ስበት? ይህን ጥያቄ በወረቀት ብቻ ሳይሆን በገዛ ሕይወቷ የመረመረች አንዲት መሐንዲስ ነበረች። ስሟ ሜሊታ ሺለር ይባላል። (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

ሜሊታ በ1903 ክሮቶሺን በምትባል ከተማ ተወለደች። ከተማዋ ያን ጊዜ የጀርመን ነበረች፤ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ግን የፖላንድ ሆነች። ሜሊታ ከትውልድ ቀዬዋ ርቃ ተማረች፤ በ1927 ሙኒክ ውስጥ በምህንድስና ተመረቀች። ከዚያም በርሊን በሚገኝ የአውሮፕላን ምርምር ተቋም ተቀጥራ የፕሮፔለርን ጠባይ አጠናች፤ አብራሪነትም ተማረች።

እስቲ ነገሩን እንመልከተው። አውሮፕላን አግድም ሲበር ወደ ፊት የሚስበው ፕሮፔለሩ ነው። ቁልቁል ሲዞር ግን የራሱ ክብደት ይጨመርበታል። ፍጥነቱ ባደገ ቁጥር አየሩ ወደ ኋላ የሚይዝበት ኃይልም ያድጋል፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ይህ ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። የሚስበውና የሚይዘው ኃይል እኩል ሲሆኑ ፍጥነቱ መጨመሩን ያቆማል።

ብስክሌት የነዳችሁ ታውቁታላችሁ፤ ቁልቁለት ላይ ፍጥነቱ ሲበዛ ፔዳሉ ይቀላችኋል፣ መርገጡም ብዙ አይረዳም። ፕሮፔለርም እንዲሁ ነው። ፍጥነቱ በበዛ ቁጥር የመሳብ ጉልበቱ ይቀንሳል። አብራሪው ሞተሩን ሲያበርደው ደግሞ አየሩ ራሱ ፕሮፔለሩን ያሽከረክረዋል፤ ያን ጊዜ ረዳትነቱ ቀርቶ ፍሬን ይሆናል። እንግዲህ በቀጥታ ቁልቁለት ላይ የሚያይለው የመሬት ስበት ነው። ስለዚህም ስቱካ በተባለው ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ክንፎች ሥር ፍጥነት የሚገታ ሰሌዳ ተገጥሞ ነበር።

የሜሊታ አባት የአይሁድ ተወላጅ ነበሩ። ናዚዎች ሥልጣን ከያዙ በኋላ፣ በ1936፣ በዘሯ ምክንያት ከተቋሙ ወጣች። እውቀቷን ግን ይፈልጉት ነበርና በጦርነቱ ዘመን ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖችን ትፈትን ነበር። ከ2,500 ጊዜ በላይ ቁልቁል ተወርውራለች፤ በ1943 ሜዳይ ተሸለመች። ሥራዋ ለእሷና ለዘመዶቿ ከለላ ሆኗል፤ ነገር ግን እነዚያው አውሮፕላኖች የብዙ ሰው ቤት አፍርሰዋል። ሁለቱም እውነት ነው።

ጁላይ 20 ቀን 1944 የባሏ ወንድም ክላውስ ፎን ሽታውፈንበርግ ሂትለርን ለመግደል ሞክሮ ሳይሳካለት ቀረ። ቤተሰቡ ሁሉ ሲታሰር እሷም ታሰረች፤ ሥራዋ ስለተፈለገ ግን ከሳምንታት በኋላ ተፈታች። ኤፕሪል 8 ቀን 1945 እስረኛ ባሏን ፍለጋ በትንሽ አውሮፕላን ስትበር በአሜሪካ ተዋጊ አውሮፕላን ተመትታ ሞተች። ጦርነቱ ሊያበቃ አንድ ወር ቀርቶት ነበር።

ልጆች፣ የስበት ሕግ ለማንም አያዳላም። የተማራችሁት ለማን እንደሚውል ግን የእናንተ ጉዳይ ነው። ዛሬ ማታ ከወላጆቻችሁ ጋር ተወያዩበት፦ እናንተ በሜሊታ ቦታ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?