ዓሣውን በጥላው የለየ ዓይን

(ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)

ማየትና ማስተዋል ለየቅል ናቸው ሲባል እኔ ትዝ የሚለኝ አንድ አሜሪካዊ ስፖርተኛ ነው፤ ቴድ ዊሊያምስ።

በ1918 በካሊፎርኒያ ሳንዲያጎ ተወለደ። በቤዝቦል የተጫወተው ለአንድ ክለብ ብቻ ነው፤ ለቦስተን ሬድ ሶክስ። ለጨዋታው እንግዳ ለሆናችሁ እነሆ፦ በሰዓት ከ140 ኪሎ ሜትር በላይ የምትወረወርን ትንሽ ኳስ በዱላ መምታት ነው። ከ10 ሙከራ 3ቱ የተሳካለት ጎበዝ ይባላል። ዊሊያምስ በ1941 አማካዩ 0.406 ነበር፤ ከ10 ሙከራ ከ4 በላይ ማለት ነው። ለውትድርና ሲመረመር ዓይኑ ከተራው ሰው እጅግ የላቀ ሆኖ ተገኘ። በኮሪያ ጦርነት 39 ጊዜ ለውጊያ በረረ፤ በ1953 የተመታ ጄቱን በሆዱ አሳርፎ ከእሳት አመለጠ።

ይህ ዓይን ሁለተኛ ሥራውን ያገኘው በደቡብ ፍሎሪዳ፣ ኢስላሞራዳ በምትባል የደሴት መንደር ነው። እዚያ ባሕሩ ለብዙ ርቀት ከጉልበት ብዙም አያልፍም። ዓሣ የሚጠመደው እያዩ ነው። የጀልባዋ ሞተር ይጠፋል፤ መሪው ከኋላ ቆሞ በረጅም ዘንግ የባሕሩን ወለል እየገፋ በዝግታ ይነዳታል፤ አጥማጁ ከፊት ይቆማል። ቦንፊሽ የሚባለው ዓሣ ጎኑ እንደ መስታወት ስለሚያንፀባርቅ አይታይም። የሚታየው አሸዋው ላይ የሚያርፈው ጥላው ነው፤ አለዚያም ሸርጣንና ሽሪምፕ ለመልቀም አቀርቅሮ ከውሃው ብቅ የሚያደርጋት ጭራው። መሪው አቅጣጫውን በሰዓት ይጠራል፤ የጀልባዋ አፍንጫ 12፣ ቀኝ 3፣ ግራ 9። መንጠቆው አናቱ ላይ ካረፈ ዓሣው በርግጎ ይጠፋል፤ ጥቂት ከፊቱ መውደቅ አለበት።

እኔን የሚገርመኝ፣ በዓይኑ የታወቀው ሰው እንኳ መሪ ማስፈለጉ ነው። ከጂሚ አልብራይት ጋር ያጠምድ ነበር፤ ዛሬም ዓሣ አጥማጆች የሚያስሩት አንድ ቋጠሮ በስሙ የሚጠራለት የኢስላሞራዳ ሰው። ዊሊያምስ ቁጡ ነበር፤ ጀልባ ላይም ቢሆን። ግን ፀሐዩን፣ ነፋሱንና የባሕሩን ሙላትና ጉድለት እንደ ትምህርት አጠና። ቤዝቦልንም የተማረው እንዲሁ ነበር፤ ለእሱ ዓይን ያለ ልምምድ ከንቱ ነው።

ትልቁን ነገር ያየው ግን ባሕር ላይ አልነበረም። በ1966 በኩፐርስታውን የቤዝቦል የክብር መዝገብ ሲገባ የራሱን ገድል መዘርዘር ይችል ነበር። በምትኩ በቆዳ ቀለማቸው ምክንያት ከትልቁ ሊግ ታግደው የኖሩት ሳቸል ፔጅና ጆሽ ጊብሰን መዝገቡ ውስጥ እንዲገቡ በአደባባይ ጠየቀ። እናቱ የሜክሲኮ ዘር ነበሩ፤ እሱ በተጫዋችነት ዘመኑ ይህን እምብዛም አያወራም ነበር። ፔጅ በ1971፣ ጊብሰን በ1972 ገቡ። ጊብሰን ግን ይህን አላየም፤ በ1947 በ35 ዓመቱ አርፏል።

ዊሊያምስ በ2002 በ83 ዓመቱ አረፈ። በ2024 የጥቁሮቹ ሊጎች ውጤት ከዋናው መዝገብ ጋር ሲደመር የጊብሰን የዕድሜ ልክ አማካይ 0.372 ሆኖ የሁሉም አንደኛ ሆነ። የዊሊያምስ 0.344 ነው። ስሙ እንዲጻፍ የተከራከረለት ሰው በለጠው ማለት ነው። ዊሊያምስ ይህን ቢሰማ የሚከፋ አይመስለኝም፤ ሌላው ሰው ባዶ ውሃ ሲያይ እሱ ጥላውን ቀድሞ አይቶት ነበርና።