የምሥራቁ በር ገዥ፤ ራስ መኮንን ወልደ ሚካኤል

የአንድ ጠቅላይ ግዛት ገዥ ሥራ ግብር ማስገባትና ዳኝነት መስጠት ብቻ በሚመስልበት ዘመን፣ የሐረር ገዥነት ከዚህ የከበደ ኃላፊነት ነበረበት። ከባሕር ወደ መሐል አገር የሚገባው ጠመንጃና ሸቀጥ፣ ወደ ባሕር የሚወጣውም ቡናና ቆዳ በሐረር ያልፍ ነበር። ስለዚህ በሩን የያዘ ሰው የንጉሡን ግምጃ ቤት ቁልፍ በከፊል እንደ ያዘ ይቆጠራል።

መኮንን በ1844 ዓ.ም. ሸዋ ውስጥ ተወለዱ። እናታቸው ወይዘሮ ተናኘወርቅ የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ልጅ ስለ ነበሩ ለዳግማዊ ምኒልክ የአክስት ልጅ ናቸው። ምኒልክ በ1879 ዓ.ም. የሐረሩን አሚር አብዱላሂን ጨለንቆ ላይ ድል ሲነሡ፣ ግዛቲቱን ለእኒሁ ዘመዳቸው ሰጡ። ነጋዴ የሸሻት የንግድ ከተማ ባዶ ጀጎል ሆና ትቀራለችና፣ በጦር የተያዘችውን ከተማ በሥርዓት ማስተዳደር የገዥው የመጀመሪያ ፈተና ሆነ።

በ1881 ዓ.ም. የውጫሌ ውል ከተፈረመ በኋላ መኮንን ወደ ሮማ ተላኩ። በመስከረም 1882 ዓ.ም. በፈረሙት ተጨማሪ ስምምነት ኢጣሊያ 4 ሚሊዮን ሊሬ ስታበድር፣ መያዣው የሐረር ጉምሩክ ሆነ። ወሰኑም በጊዜው በእጅ ባለው ይዞታ እንዲጸና ተባለ፤ ኢጣሊያኖችም ይህን ቃል ወደ መረብ ለመግፋት ተጠቀሙበት። የላኳቸው ንጉሥ ቢሆኑም ፊርማው የመኮንን ነውና ከወቀሳው ድርሻ አላቸው። ምኒልክ በ1885 ዓ.ም. ውሉን አፈረሱ፤ ብድሩንም መለሱ፤ ጉምሩኩም ከእጅ ሳይወጣ ቀረ።

በብዕር የተበላሸው ግን ያለ ጦር አልተቃናም። በኅዳር 1888 ዓ.ም. አምባላጌ ላይ የኢጣሊያን ጦር የሰበረውን ግንባር ቀደም ሠራዊት የመሩት እኒሁ የስምምነቱ ፈራሚ ናቸው። ቀጥሎ መቀሌ ላይ ምሽጉ ውሃ ተቆርጦበት ሲለቀቅ፣ የካቲት 23 ቀንም ዓድዋ ላይ ድል ሲገኝ ከዋነኞቹ አዝማቾች አንዱ ነበሩ። በ1889 ዓ.ም. ደግሞ ከእንግሊዝ ሶማሌላንድ ጋር የሚያዋስነውን መስመር ከእንግሊዙ መልእክተኛ ከሮድ ጋር ሐረር ላይ ተዋዋሉ።

ለእኛ ለመሐንዲሶች የሕይወታቸው መጨረሻ የተለየ ትምህርት አለው። ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ የሐረርን ዳገት መውጣት ብዙ ወጪ ስለሚጠይቅ ቆላውን ተከትሎ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ። የመስመሩ ቅየሳ ጦር ያላደረገውን አደረገ፤ ለዘመናት በሐረር ያልፍ የነበረው ንግድ ወደ ባቡሩ ጣቢያ ማዘንበል ጀመረ። መኮንን ይህን ለውጥ በዐይናቸው አይተዋል።

ወደ አዲስ አበባ ለመሄድ ተነሥተው ሳለ ታመው በመጋቢት 1898 ዓ.ም. ቁልቢ ላይ ዐረፉ። ኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የተባሉት ልጃቸው ተፈሪ ገና የዐሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነበሩ። የአባትየው ታሪክ የሚያስተምረው፣ የአገር ነፃነት በጦር ሜዳ ብቻ ሳይሆን በጉምሩክ ኬላ፣ በብድር ውልና በመንገድ ቅየሳም ላይ እንደሚጠበቅ ወይም እንደሚጠፋ ነው።